ሦስተኛው ዓምድ

«እስቲ ብሩሹን አስቀምጥና ና ተቀመጥ» አሉት አለቃው።

ቁልፍ ሠሪው ብሩሹን ከማሽኑ ላይ አነሳ። በየጠዋቱ ከሁሉ በፊት ከቁልፍ መቅረጫው ላይ የነሐስ ብናኝ ማራገፍ ልማዱ ነው። ብናኙ ከተጠራቀመ ማሽኑ በፀጉር ቅጥነት ያህል ይስታል፤ በፀጉር ቅጥነት የሳተ ቁልፍ ደግሞ ይገባል እንጂ አይዞርም። አለቃው ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ናቸውና፣ ብናኙ ሳይራገፍ ተቀመጥ ሲሉት ነገር እንዳለ ገባው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ተቀመጥ ያሉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ የእናቱን መርዶ ሲነግሩት፣ አንዴ ደግሞ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ሸሪኬ ነህ» ሲሉት።

«የካቢኔውን ቁልፍ ለጊዜው ስጠኝ።»

ካቢኔው ከግድግዳው ጋር የታሰረ የብረት ሣጥን ነው። ለደንበኛው ሁሉ በር የተሠራው ቁልፍ ቁጥር በካርድ ተጽፎ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ካርዱን ያየ ባለሙያ ዋናውን ቁልፍ በዓይኑ ሳያይ ልክ እሱን የመሰለ ቀርጾ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ የካቢኔው ቁልፍ በኪሱ ያለ ሰው የግማሽ ሰፈሩ በር በእጁ ነው ማለት ነው።

«ለምን ጋሼ?»

«ለጊዜው አልኩህ እኮ።»

«ትናንት ለመርማሪው ያሉትን ረሱት?»

አልረሱትም። ትናንት፣ ሰኞ ዕለት፣ መርማሪው መጥቶ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ቁልፍ ሠሪው ጡረታ የወጡ አንዲት ፋርማሲስት ቤት ሄዶ የበራቸውን ቁልፍ ቀይሮ ነበር። ባለፈው እሑድ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ፋርማሲስቷ ዘመድ ጥየቃ እንደወጡ አንድ ሰው በሩን በቁልፍ ከፍቶ ገባ። የተሰበረ፣ የተፈለቀቀ ነገር የለም። የአንገት ወርቃቸውንና የሟች ባላቸውን ሰዓት ይዞ፣ በሩን በሥርዓቱ ቆልፎ ሄደ። (ሌባው በኋላ ተገኝቷል። የገዛ የእህታቸው ልጅ ነበር፤ ትርፉን ቁልፍ ከመሳቢያቸው ወስዶ። ግን እስኪገኝ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀ፤ ይህ የሆነውም በእነዚያ ቀናት መጀመሪያ ላይ ነው።)

መርማሪው ሲጠይቀው እሑድ ከሰዓት እህቱ ቤት የእህቱን ልጅ ብስክሌት ሲጠግን እንደዋለ ተናገረ። አለቃው ደግሞ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ይህን ልጅ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ እኔን ውሰዱኝ!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። በጠረጴዛው ላይ የነበሩ ምስማሮች ሁሉ ዘለሉ።

ዛሬ ግን መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነው።

«ሕፃን ሆነህ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ትመላለስ ነበር አሉ።»

ቁልፍ ሠሪው ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የክፍል መጋረጃ አቃጥለሃል። አስተማሪህን ዕቃ ቤት ውስጥ ቆልፈህባታል።»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር ጋሼ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ሳሕን ስንበላ አንድ ቀን አልነገርከኝም።»

«እርስዎስ በዘጠኝ ዓመትዎ ያደረጉትን ነግረውኛል?»

«እኔን ሐኪም አላየኝም።»

«ማን ነው የነገረዎት?»

«ማንም ይሁን። ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

አለቃው ተነፈሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መውጫ እየፈለጉለት ነበር። «እንግዲያው ድኗል የሚል ወረቀት ካለህ አምጣ። እኔም ልየው፣ ለመርማሪውም እናሳየው። ሰው አፉን ይዘጋል።»

ወረቀቱ መኖሩን ያውቃል። የካቢኔውን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

በልጅነቱ ቤተሰቡ «ሞተር» ነበር የሚሉት። ሲነሳ የሚጠፋበት ቁልፍ የሌለው ሞተር። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ወንበር ላይ አይረጋም፣ የሰው ዕቃ ይወስዳል፣ ሲቆጡት ይናከሳል፣ የካደውን እንደካደ ይቀራል። አባት በጊዜ ቤቱን ጥሎ ስለሄደ መከራውን የምታየው እናቱ ነበረች። ከሦስት ትምህርት ቤት ከተባረረ በኋላ እጁን ይዛ የሕፃናት የአእምሮ ክሊኒክ ወሰደችው። ዶክተሩ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። አልተቆጣውም። የፈታታውን አሮጌ ጓንጉል ቁልፍ ፊቱ አስቀምጦ ከእናቱ ጋር ወሬውን ቀጠለ። ሞተር አርባ ደቂቃ ከወንበሩ ሳይነሳ ጓንጉሉን ገጠመው። የሙያው መጀመሪያ ያ ነበር ማለት ይቻላል።

ዶክተሩ ለእናቱ የቤት ሥራ ሰጣት። በየምሽቱ በደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምራ እንድትጽፍ፤ በመጀመሪያው ምን ሆነ፣ በሁለተኛው ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ በሦስተኛው እኛ ምን አደረግን። «ጥፋቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም» አላት፤ «ከፊቱና ከኋላው ያለውን ነው የምንፈልገው።» እናቱ እጇ ከልብስ እጥበት ሳይደርቅ አምስት ደብተር ሞላች። በስድስተኛው መጀመሪያ ላይ፣ እሱ አሥራ አራት ሲሞላው፣ ዶክተሩ ሕክምናው ተጠናቋል የሚል ደብዳቤ ሰጣት። በሙጫ ለጠፈችው። ያን ቀን ልብሱን ሁሉ ተኩሳ፣ እየዘፈነች አስቀመጠችለት።

ስትሞት ዕቃዋ እህቱ ቤት ሄደ። እህቱ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች፣ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ባሏ በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ነው የሚውለው። ቁልፍ ሠሪው ላለፉት ስምንት ዓመታት እሑድ ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም።

በአውቶቡስ እየሄደ ማን እንደተናገረበት ሲያሰላስል ቆየ። የድሮ ጎረቤታቸውን ጠረጠረ። አብሮት የተማረውን፣ አሁን ከሱቁ ማዶ ስልክ የሚጠግነውን ልጅ ጠረጠረ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ሳይቀር ጠረጠረ፤ ሰውየው ከሞተ ሰባት ዓመቱ መሆኑን ያስታወሰው ሊወርድ ሲል ነው።

እህቱ በሩን ስትከፍት ቀይ እስክሪብቶ ጣቶቿ መካከል ነበር። የፈተና ወረቀት እያረመች ነው።

«ውይ ሞተርዬ! በሥራ ቀን? ምን ሆንክ?»

«የዶክተሩን ደብዳቤ ፈልጌ ነው። ጋሼ አምጣ ብለውኛል።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። «ከእማዬ ዕቃ ጋር ነው... ቁምሣጥኑ አናት ላይ መሰለኝ። አንተ ሂድ፣ ነገ እኔው ፈልጌ አመጣልሃለሁ።»

«መሰላል ካለሽ እኔ አወርደዋለሁ።»

«አቧራ ነው እኮ፤ ልብስህን ታበላሻለህ!»

በዚህ መሃል የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በሩን አንኳኳ። ቆጣሪው ጓሮ ስለሆነ እህቱ ልታሳየው ወጣች። የእህቱ ልጅ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ሥዕል ትቀባ ነበር። ቀና አለች።

«አጎቴ፣ የቴቴን ደብተር ነው የምትፈልገው?» አያቷን ቴቴ ነው የምትላት፤ በፎቶ ብቻ ብታውቃትም።

«አዎ የኔ ቆንጆ። የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ቁምሣጥን ላይ አይደለም እኮ። እዚሁ ነው፣ የእማዬ መሳቢያ ውስጥ። አንተ እሑድ እሑድ ስትሄድ እማዬ የምትጽፍበት አይደል?»

ተነስታ አመጣችለት። ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ነበረው። ከፈተው። የእናቱ ጎባጣ ጽሕፈት፣ ከዚያ የተለጠፈው ደብዳቤ። ደብዳቤው ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ቢዘጋው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን የልጅቷ ቃል ጆሮው ውስጥ ስለነበረ ገለጠው።

በቀጣዩ ገጽ ሦስቱ ዓምዶች በማስመሪያ ቀጥ ብለው ተሰምረዋል። ጽሕፈቱ የእህቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን እናቱ ከተቀበረች ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር።

ምን ሆነ፦ ምንም። ከዚያ በፊት፦ ምንም። ምን አደረግሁ፦ ምንም።

እሑድ ከእሑድ፣ ገጽ በገጽ፣ እንዲሁ ነበር። አልፎ አልፎ ሌላ ነገር አለ። «ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ።» «ሳቀ፤ ትንሽ በዛ።» «ስለ ሥራው ስጠይቀው አጭር መለሰ።» «ልጄን ብቻዋን ይዟት ወደ ሱቅ ወጣ፤ በመስኮት ተከተልኳቸው።» ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ አንድ እሑድ ላይ ደረሰ፤ ፍቅረኛው የነበረችውን ነርስ ለምሳ ያመጣበት ቀን ነው። ሊያገባት አስቦ ነበር። እዚያ ላይ እንዲህ ይላል፦

ምን ሆነ፦ የሴት ጓደኛውን አመጣ። ጥሩ ልጅ ትመስላለች። ከዚያ በፊት፦ አዲስ ሸሚዝ ገዝቷል። ምን አደረግሁ፦ ዕቃ ስናጥብ ማወቅ የሚገባትን ነገርኳት።

ነርሷ በሦስተኛው ሳምንት «በቃ አልሆነልኝም» ብላው ነበር የሄደችው። ምን እንዳልሆነላት ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ሲጠይቅ ኖሯል። የአፉ ጠረን ይሆን፣ አነጋገሩ ይሆን፣ ድህነቱ ይሆን ሲል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት በአንድ ገጽ ላይ ነበሩ።

እሑድ። ምን ሆነ፦ ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ከሩብ የብስክሌት ሰንሰለት ልገዛ ብሎ ወጣ። አርባ አምስት ደቂቃ። ሲመለስ አልቦታል።

ሰኞ። ምን ሆነ፦ ደውሎ መርማሪ እንደጠየቀው ነገረኝ። ከዚያ በፊት፦ የእሑዱ አርባ አምስት ደቂቃ። ፋርማሲስቷ ቤት ደርሶ ለመመለስ በእግር አርባ፣ በታክሲ ሃያ። ምን አደረግሁ፦ ለአለቃው ደወልኩ።

እህቱ ቆጣሪ አንባቢውን ሸኝታ ስትገባ ደብተሩን እጁ ላይ አየች። ልጇን «ውጪ ተጫወቺ» አለቻት። ልጅቷ እርሳሶቿን ሰብስባ ወጣች።

«እማዬ አደራ ስላለችኝ ነው» አለች እህቱ፣ ሳትጠየቅ።

«ደብተር ጠብቂ አለችሽ ወይስ እኔን?»

«ለእኔ አንድ ነው የመሰለኝ።»

«እማዬ መጻፍ አቁማ ነበር እኮ! ደብዳቤውን ለጥፋ ዘጋችው። አንቺ ነሽ የከፈትሽው።»

«አንተ ዶክተሩ ያለውን አልሰማህም። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነው።»

«እሷ ነግራኛለች። አብዛኞቹ ደህና ሰው ይሆናሉ ነው ያለው።»

«አብዛኞቹ አለ፤ ሁሉም አላለም። ሲጀምር ያለው ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ሲያድጉ ፍርድ ቤት የሚቆሙት ከሌላው ልጅ ይበዛሉ፣ ስለዚህ አትራቁት ነው ያለው። እማዬ የሚጥማትን ግማሽ ይዛ ወጣች። ሌላውን ግማሽ ማን ይያዝላት? እኔ ያዝኩት። በአሥራ አራት ዓመቴ!» ድምፏ ተሰነጠቀና መልሳ ያዘችው። ተማሪ ፊት ማልቀስ የማትወድ ሴት ናት።

«አትራቁት አለ እንጂ ሰልሉት አለ?»

«እኔ ሰረቅህ ብዬ ጻፍኩ? የት አለ? ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት።»

«ሰንሰለቱን ሦስት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት እትዬ። ላብ ያለበኝ ልጅሽ እንዳታለቅስ ስሮጥ ነው። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«ብጠይቅህ...» አለችና አቆመች።

«ብትጠይቂኝ?»

«ድሮም ስንጠይቅህ አሳምረህ ነበር የምትመልሰው።»

ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከተተና ወጣ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ብስክሌቷን ስትገፋ አልፏት ሄደ። ከኋላው «አጎቴ፣ እሑድ ደወል ትገጥምልኛለህ?» ስትለው ሰምቷል፤ ዞሮ ግን አላየም።

ረቡዕ ጠዋት ደብተሩን አለቃው ፊት አኖረው። ደብዳቤውን ብቻ ቀዶ ማምጣት ይችል ነበር፤ ሌሊቱን አስቦበታል። ከተሰለለ አይቀር ሙሉውን ይዩት ብሎ ወሰነ። አለቃው በማጉያ መነጽር፣ ጥቃቅን ቁጥር በሚያነቡበት፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ሲያነቡ እሱ የተጠራቀመ ቁልፍ ይቀርጽ ነበር። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቁ።

«ሰውዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንም ነው እኮ!» ሳቁ፤ እንደተገላገለ ሰው። «ስምንት ዓመት ሙሉ ምንም፣ ምንም፣ ምንም! ከዚህ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል? ያቺን አርባ አምስት ደቂቃ ሰንሰለት የሸጠልህ ሰው ከመሰከረ አለቀ።» የካቢኔውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ወደ እሱ ገፉት።

ቁልፉን አየው፤ አላነሳውም።

«ጋሼ፣ ይሄ ደብተር ባይኖርስ?»

አለቃው አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ግን አልወጣም፤ ምክንያቱም እህቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ክፍለ ጊዜ በሌላት ሰዓት ከትምህርት ቤት ሮጣ ነው የመጣችው፤ እጅጌዋ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። ደብተሩን ልትወስድ ነው።

አለቃው ተነስተው ወንበር ሳቡላት። «ነይ እህቴ፣ ነይ ግቢ። እንኳን ጻፍሽው! ነገሩ መጀመሪያ ቢከፋም መጨረሻው ይኸው ለእሱው ዋለ።»

«እኔም ለክፉ ብዬ አይደለም ጋሼ፤ ብቻዬን ከበደኝ።»

«አውቃለሁ፣ ይገባኛል። አሁን ግን ሁለት ሆነናል። በሥራ ቀን እኔ አየዋለሁ፣ እሑድ አንቺ ታይዋለሽ። አይደል?»

«እግዜር ይስጥልኝ። እንቅልፉስ... እዚህ ሲውል ደክሞት ያውቃል?»

«ኧረ ደህና ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ትንሽ ይነጫነጫል እንጂ።»

ቁልፍ ሠሪው በሁለቱ መሃል ቆሞ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ከሁለቱም ይበልጣል። ወሬው ግን ከራሱ በላይ ያልፍ ነበር።

«እትዬ» አለ። አልሰሙትም።

በዚህ ጊዜ አንዲት ሴት በነጠላ ጫማ፣ ፀጉሯ በፎጣ እንደተጠቀለለ፣ እየሮጠች ገባች። «ኧረ ድረሱልኝ! ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ነኝ፣ አራተኛ። ነፋስ በሩን ዘጋብኝ፣ ቁልፉ ውስጥ ነው፤ ምድጃ ላይ ድስት ጥጃለሁ!»

ቁልፍ ሠሪው የመሣሪያ ቦርሳውን አነሳ። በር ሊወጣ ሲል አለቃው «ቆይ» አሉ። ጉልበታቸው ከታመመ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ለሥራ ከሱቁ ወጥተው አያውቁም። እህቱን አየት አደረጉና ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

«አብሬህ ልምጣ።»

ሴትየዋ «በናታችሁ ቶሎ!» ብላ ጮኸች። ቁልፍ ሠሪው ከጠረጴዛው ላይ የካቢኔውን ቁልፍ አንስቶ ኪሱ ከተተና ሮጠ።

አራቱን ፎቅ ከሴትየዋ ቀድሞ ወጣ። የተዘጋው ሳይቆለፍ፣ በምላሱ ብቻ ስለነበረ ቀጭን ፕላስቲኩን በክፍተቱ አስገብቶ፣ ትከሻውን አስደግፎ አንዴ ሲነቀንቀው በሩ ተከፈተ። ጭስ ፊቱ ላይ ተነፈሰበት። ሴትየዋ እያሳለች ወደ ወጥ ቤት ሮጣ ገባች።

«ግባ እንጂ ወንድሜ! የመኝታ ቤቱን መስኮት ክፈትልኝ፣ ታፈንኩ!»

እግሩን አነሳ። ከዚያ ታች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የአለቃውን ትንፋሽና የጉልበታቸውን ቋ ቋ ሰማ። እግሩን መለሰ። ደፍ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ከኪሱ አርቆ ሲጠብቅ ራሱን አገኘው።

«ምን ቆመሃል?» አለች ሴትየዋ ከጭሱ ውስጥ። «ግባ!»

ይህች የማታውቀው ሴት ናት። ልጅነቱንም፣ ስሙንም፣ ደብተሩንም አታውቅም። ገባ። መኝታ ቤቷ ውስጥ አልጋው አልተነጠፈም፤ መስታወቱ ሥር የእጅ ሰዓት፣ ቀለበት፣ የተከፈተ ቦርሳ ነበር። አልፎ መስኮቱን በሁለት እጁ ወለል አድርጎ ከፈተው። ጭሱ በአጠገቡ ወደ ውጪ ሲሮጥ ለትንሽ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ሲመለስ አለቃው ግድግዳ ተደግፈው ያለከልኩ ነበር። ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ፊቱ አልነበረም፤ ወደ እጆቹ ነበር። ራሳቸውም ያወቁት ወዲያው ነው። ቀና ሲሉ ግን አይቷቸዋል።

ከኪሱ የካቢኔውን ቁልፍ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። የመሣሪያ ቦርሳውንም አጠገባቸው አስቀመጠ፤ ቦርሳው የሱቁ ነው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ...»

«ሲወርዱ ቀስ ይበሉ ጋሼ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዱ ደረጃ ተሰብሯል።»

ደረጃውን ወረደ። ከታች፣ መንገዱ ማዶ፣ እህቱ ደብተሩን በደረቷ አቅፋ ሱቁ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። እጇን አነሳችለት። እሱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ታጠፈ።